ከዴንቨር አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ነው?

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ አውሮራ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ቡና እየጠጣን ሳለ፣ አንድ ወጣት የፊርማ ወረቀት ይዞ ወደ ጠረጴዛችን መጣ። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ጥያቄ አጭርና ግልጽ ነው፤ «ከዴንቨር አዲስ አበባ ቀጥታ በረራ ይጀመርልን» ይላል። በጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ሁሉ ተራ በተራ ፈረሙ። እኔ ጋ ሲደርስ እስክሪብቶውን ይዤ ቆየሁ።

«ምነው? አንተ መሐንዲስ አይደለህም እንዴ? ይቻላል አይቻልም ለማለት ከአንተ የተሻለ ማን አለ?» አሉኝ አንድ የማከብራቸው አዛውንት።

«ጋሼ፣ መቻሉንስ ይቻል ይሆናል። ግን የምንፈልገውን ነገር የሚሰጠን አይመስለኝም» አልኳቸው።

ሳቁ። «እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ቀላሉን ነገር ማወሳሰብ ትወዳላችሁ» ብለው ወሬውን ወደ ሌላ ወሰዱት። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ያኔ በቡና ላይ ልሰጣቸው ያልቻልኩት መልስ ነው። ሙያዬ አውሮፕላን እንዳልሆነ አስቀድሜ ልናገር፤ የትራንስፖርት መሐንዲስ ነኝ፤ የመንገድና የአውቶቡስ ሰው። ነገር ግን ሰው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ በስንት ሰዓት ይደርሳል የሚለው ጥያቄ በአውቶቡስም በአውሮፕላንም ያው ነው።

ከርቀቱ እንጀምር። በግድግዳ ላይ በተሰቀለው የተለመደ የዓለም ካርታ ላይ ዴንቨርንና አዲስ አበባን በማስመሪያ ብታገናኙ፣ መስመሩ አሜሪካን ወደ ምሥራቅ አቋርጦ ከካሮላይና ይወጣል፤ በአትላንቲክ መካከል አልፎም ሰሃራ በረሃ ውስጥ ይገባል። ያንን መስመር ይዞ የሚበር ፓይለት 14,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ምድር ግን ጠፍጣፋ አይደለችምና የልጄን ሉል ከመደርደሪያ አውርጄ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጠርኩ። ክሩ ወደ ምሥራቅ ሳይሆን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው ያቀናው። ሳውዝ ዳኮታንና ሚኔሶታን፣ የካናዳን የጄምስ ወሽመጥና ላብራዶርን ያልፋል፤ ከግሪንላንድ ደቡባዊ ጫፍ ዝቅ ብሎ ውቅያኖሱን ይሻገራል፤ በፈረንሳይና በጣሊያን ጠረፍ በኩል ቁልቁል ወርዶ ሜዲትራኒያንን፣ ምሥራቅ ሊቢያን፣ የግብጽን ምዕራባዊ በረሃና ሱዳንን ያቋርጣል። ወደ አገራችን የሚገባው በመተማ አካባቢ ነው። ከዚያ የጣናን ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ታክኮ፣ ጎጃምን አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ቦሌ ይደርሳል። ይህ አጭሩ መንገድ ነው፤ 13,400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በማይል 8,300 ያህል። ከካርታው መስመር በ1,300 ኪሎ ሜትር ያጥራል ማለት ነው።

የዛሬ መንገደኛ አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። ስለዚህ ቀጥታ በረራ ቢኖር ወደ አዲስ አበባ፣ ከኋላ በሚገፋው የከፍታ ነፋስ ታግዞ፣ 15 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሲመለስ ያው ነፋስ ፊት ለፊት ስለሚሆን 16 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል።

«ቀጥታ በረራ ከሌለ መንገዱ ይረዝምብናል» ይባላል። ለመሆኑ በስንት ይረዝማል? በፍራንክፈርት በኩል የሚሄድ ሰው መጀመሪያ 8,090፣ ቀጥሎ 5,350 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በድምሩ 13,440 መሆኑ ነው። ፍራንክፈርት ከክሩ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ፈንጠር ያለች ከተማ ናት፤ ነገር ግን ረጅም ክር መሐል ላይ ትንሽ ወደ ጎን ቢሳብ ርዝመቱ እምብዛም አይጨምርም። ትርፉ ከ30 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ከአውሮራ ወደ ዴንቨር ኤርፖርት ከሚወስደው መንገድ ጋር ይቀራረባል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከዴንቨር በተጀመረው የኢስታንቡል በረራ ብንሄድ 13,570 ነው። አብዛኞቻችን የምንሄድበት የዋሽንግተን ዳላስ መንገድ ደግሞ 13,900 ያህል ነው። ከሦስቱ ረጅሙ እንኳ ከአጭሩ ክር የሚበልጠው በ500 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአየር ላይ 35 ደቂቃ ቢሆን ነው። ስለዚህ ርቀቱን ከክሱ ነጻ እናውጣው። ማንም አልወሰደብንም።

ቀጥታ በረራው ይቻላል ወይ ለሚለው ግን መልሱ አቅጣጫን ይጠይቃል፤ እዚህ ላይ ጉዳዩ የሁለት የደጋ ከተሞች ጉዳይ ይሆናል። ዴንቨር ከአክሱም ጋር እኅትማማች ከተማ የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ አዲሱ የዴንቨር ኤርፖርት የተከፈተውም በዚያው ዓመት ነው። ኤርፖርቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,655 ሜትር ላይ ይገኛል። ቦሌ 2,330 ሜትር ላይ ነው። ሁለታችንም ቀጭን አየር የምንተነፍስ ሕዝቦች ነን፤ አውሮፕላንም እንደዚያው።

አንድ አውሮፕላን የሚነሣው ክንፉ አየር ስለሚገፋ ነው። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ሞቅ ባለ ቀትር የቦሌ አየር በባሕር ጠረፍ ካለው መደበኛ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በዚያ አየር ውስጥ ለመነሣት ፍጥነቱ በ16 በመቶ ያህል ከፍ ማለት አለበት። ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ የሚያስፈልገው ማኮብኮቢያ ከፍጥነቱ በላይ ነው የሚረዝመው። በዚያ ላይ ሞተሩ ራሱ የሚበላው ያንኑ ቀጭን አየር ስለሆነ የሚሰጠው ግፊት ይቀንሳል። ጎማውም ቢሆን ከተወሰነ ፍጥነት በላይ እንዲሽከረከር አልተፈቀደለትም። ዴንቨር ለዚህ መልስ የሰጠችው በኮንክሪት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 4,877 ሜትር የሚረዝም ማኮብኮቢያ አስመረቀች፤ በሰሜን አሜሪካ ለመንገደኛ በረራ ከሚውሉት ሁሉ ረጅሙ። የቦሌ ረጅሙ 3,800 ሜትር ነው።

እንግዲህ አስቡት። እንደ ቦይንግ 787-9 ያለ አውሮፕላን በሰዓት 5 ቶን ተኩል ገደማ ነዳጅ ያቃጥላል። ለ16 ሰዓት ጉዞ ከመጠባበቂያው ጋር የሚጭነው ነዳጅ ከመነሻ ክብደቱ ከሲሶ በላይ ይሆናል። ከዴንቨር ሲነሣ ረጅም መሬት አለው፤ ቦሌ ሲደርስ ነዳጁን ጨርሶ ስለሚቀል ማረፉ አያስቸግርም። መከራው ሲመለስ ነው። ከቦሌ ሙሉ ነዳጅ፣ ሙሉ መንገደኛና ሙሉ ሻንጣ ይዞ መነሣት አይችልም፤ ከሦስቱ አንዱን መተው አለበት። ሻንጣ ተው ብሎ ሐበሻን ማን ይጠይቃል! የዋሽንግተኑ በረራም በዚሁ ምክንያት ሲሄድ ያለ ማቋረጥ በ13 ሰዓት ገደማ ይገባል፤ ሲመለስ ግን እንደየዘመኑ በሮም፣ በደብሊን ወይም በሎሜ ወርዶ ነዳጅ ሞልቶ ነው የሚመጣው። ደብሊን ከባሕር ጠለል 74 ሜትር፣ ሎሜ 22 ሜትር ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ እዚያ አየሩ ወፍራም ነው። በአጭሩ መሄዱ ይቻላል፤ አስቸጋሪው መመለሱ ነው። (ይህን ዓረፍተ ነገር እባካችሁ የፖለቲካ አድርጋችሁ አትተርጉሙብኝ።)

በቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚሠራው አዲስ ኤርፖርት ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። አየሩ በአራት በመቶ ገደማ ይወፍራል። ትንሽ ይመስላል፤ ለአውሮፕላን ግን ቶኖች ነው። ያም ሲያልቅ ይታያል።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፤ ይህንን ለመጻፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016፣ አንድ ማክሰኞ ማታ፣ በዴንቨር ሰዓት 11 ሰዓት ላይ የቤቴ በር ተንኳኳ። (የዴንቨርንና የፍራንክፈርትን ሰዓት በፈረንጅ፣ የአዲስ አበባን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ሌላ መንገድ አላገኘሁለትም።) በሩን ስከፍት ስድስት ሰዎች ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። ከፊት የቆሙት እኒያ የማከብራቸው አዛውንት ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት የሚያውቅ ሰው አንድ ቃል ሳይነገር ሁሉንም ያውቃል። አባቴ ነበር።

አዲስ አበባ ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ሆኗል። ወንድሜ በስልክ «ለአንተ ስንል አሳድረነዋል። ቀብሩ ነገ ሐሙስ 9 ሰዓት ነው፤ ድረስ» አለኝ። እያለቀስኩም ቢሆን ቆጠርኩ፤ መሐንዲስነት እንዲህ ያለ በሽታ ነው። ከረቡዕ ጠዋት 3 እስከ ሐሙስ 9 ድረስ 30 ሰዓት አለ። በረራው 16 ሰዓት ተኩል ነው። 13 ሰዓት ተኩል ይተርፈኛል። እደርሳለሁ ብዬ ቲኬት ፍለጋ ተቀመጥኩ።

አልደረስኩም። ያኔ የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ የሚነሣው ጠዋት 11 ሰዓት አካባቢ ነበር። ከዴንቨር ተነሥቶ እሱን ለመያዝ የእኩለ ሌሊቱን በረራ መሳፈር ያስፈልጋል፤ እኔ ስሰማ ደግሞ ለመነሻው አንድ ሰዓት አልቀረውም ነበር። ረቡዕ ጠዋት ብሄድ ዋሽንግተን የምደርሰው የአዲስ አበባው ከሄደ በኋላ ስለሆነ፣ ሐሙስ ጠዋትን ጠብቄ ዓርብ ነው የምገባው። በፍራንክፈርት በኩል ያለውም ዓርብ ነው የሚያስገባኝ፤ በአንድ ሰዓት ቢቀድም ነው። እሱን ቆረጥኩ። ረቡዕ ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ ከዴንቨር ተነሣሁ፤ ሐሙስ ጠዋት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ፍራንክፈርት ወረድኩ። የአዲስ አበባው በረራ ማታ 10 ሰዓት ነው። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በፍራንክፈርት ሰዓት ከቀኑ 1 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ 9 ሰዓት ሆነ። ፊት ለፊቴ አንድ ሕፃን ሻንጣ ላይ ተቀምጦ ብስኩት ይበላል። አባቴን ቀበሩት።

ከዚያ በኋላ የሚጠብቁኝ ዘጠኝ ባዶ ሰዓታት ነበሩ። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ጉዞዬን ጻፍኩት። ቤቴ ውስጥና ኤርፖርት፣ 18 ሰዓት። በአየር ላይ እስከ ፍራንክፈርት፣ 9 ሰዓት ተኩል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ፣ 11 ሰዓት ተኩል። በአየር ላይ እስከ ቦሌ፣ 7 ሰዓት። በድምሩ 46 ሰዓት፤ ከዚያ ውስጥ አውሮፕላን የበረረው 16 ሰዓት ተኩሉን ብቻ ነው። ሠላሳ ሊሞላ ግማሽ ሰዓት የጎደለው ጊዜ መሬት ላይ ነው ያለቀው። ዓርብ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቦሌ ወረድኩ፤ ለሣልስት ደረስኩ።

ውድ አንባቢያን፣ አሁን ወደ ፊርማ ወረቀቱ እንመለስ። በዚያ ሳምንት ከዴንቨር አዲስ አበባ ቀጥታ በረራ ነበረ እንበል፤ በየቀኑ፣ ያውም እኔ በተነሣሁበት ሰዓት፣ ከቀኑ 5 ላይ የሚነሣ። ረቡዕ ተሳፍሬ በ15 ሰዓት ብገባ አዲስ አበባ ሐሙስ ማታ 12 ሰዓት ይሆናል። ቀብሩ ካለቀ ሦስት ሰዓት አልፎታል! ምክንያቱም 18ቱን ሰዓት ቤቴ ውስጥ ያስቀመጠኝ የበረራው ርዝመት ሳይሆን የመነሻው ሰዓት ነው። በእኔ ሙያ ይህን የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ የቆመ ተሳፋሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ በየሰዓቱ የሚመጣ አውቶቡስ በአማካይ ግማሽ ሰዓት ያስጠብቃል። በቀን አንዴ የሚነሣ አውሮፕላን ሳያስበው ለሚጓዝ ሰው በአማካይ የ12 ሰዓት ጥበቃ አለው። አዲስ መስመር ሲከፈት ደግሞ ብዙ ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ነው የሚጀመረው፤ ያ ማለት በአማካይ 28 ሰዓት ጥበቃ ነው። የ15 ሰዓት በረራ ለማግኘት 28 ሰዓት መጠበቅ! ለዕረፍት፣ ለሠርግ፣ ከሕፃናትና ከአረጋውያን ጋር ለሚሄድ ሰው ቀጥታ በረራ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ይህን አልክድም። ከሦስት ወር በፊት ቲኬት የቆረጠ ሰው ጥበቃ አይነካውም። ለለቅሶ የሚሮጥ ሰው ግን ከበረራው ርዝመት በፊት የሚያስፈልገው ብዙ መነሻ ነው። ዋሽንግተን፣ ፍራንክፈርት፣ ኢስታንቡል፣ ሌላም ሌላም፤ በሩ በበዛ ቁጥር ጥበቃው ያጥራል። ለፊርማ ሰብሳቢው ወጣት ያላልኩት ይህንን ነው።

ያላልኩት ሌላም ነገር አለ። እሱን በዚያ ጠረጴዛ ላይ ማንሣት አልቻልኩም፤ አሁንም የምጽፈው የባለቤቱን ፈቃድ ጠይቄ ነው።

አባቴ ያረፈው ረቡዕ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው። ያ በዴንቨር ማክሰኞ ማታ 7 ሰዓት ነው። ወንድሜ ለአዛውንቱ የደወለው ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ 8 ሰዓት ላይ ነበር። ይህን ያወቅሁት ለሣልስት የተሰበሰበው ሰው ከተበተነ በኋላ ነው። ወንድሜ «እንዴት ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይነግሩህ ቆዩ?» ሲለኝ ገባኝ። እኒያ ስድስት ሰዎች አንድ ቤት ተሰብስበው እየመከሩ ነበር። ከሥራ ገብቶ ራቱን ይብላ፤ ልጁ ይተኛ፤ ሰው ይሟላ፤ ነጠላው ይምጣ። አንዳንዱ ጭራሽ ሊነጋጋ ሲል ይነገረው ብሎም ነበር። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፤ ሰው ብቻውን እንዳይሰማ፣ ባዶ ሆዱን እንዳይወድቅ፣ የሚደግፈው ትከሻ አጠገቡ እንዲኖር። አያቶቻችን ይህን ሲያበጁት መርዶ ነጋሪውም ተረጂውም በእግርና በበቅሎ ነበር የሚጓዙት፤ ሦስት ሰዓት ቢዘገይ የሚያመልጥ ነገር አልነበረም።

ማስታወሻ ደብተሬን እንደገና አወጣሁ። 8 ሰዓት ላይ ቢነገረኝ፣ ቤቴ ከኤርፖርቱ 35 ደቂቃ ነው፤ የእኩለ ሌሊቱን በረራ እይዛለሁ። ዋሽንግተን ከጠዋቱ 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ፤ ከዚያ 11 ላይ ተነሥቶ ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ቦሌ። ከዴንቨር 22 ሰዓት። ቀብሩ ሰባት ሰዓት ይቀረዋል። በ22 ሰዓትና በ46 ሰዓት መካከል የነበረው ልዩነት የሦስት ሰዓት ርኅራኄ ነው። በማንም ላይ ቂም የለኝም፤ እነዚያ ሰዎች ባይኖሩ ያን ሌሊት እንዴት አድርጌ እንደማልፈው አላውቅም።

ባለፈው ጃንዋሪ አንድ ማታ፣ ከ8 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው፣ እኒያው አዛውንት ደወሉልኝ። የአንዲት እኅታችን እናት አዲስ አበባ ውስጥ ማረፋቸው ተሰምቷል። ሄድኩ፤ ሰባት ሰዎች ተሰብስበናል። ልጆቿን አስተኝታ ትረፍ፤ ለነገ ጠዋት ይሁን ተባለ። እኔ እዚያው በስልኬ የእኩለ ሌሊቱን በረራ አየሁ፤ ስድስት መቀመጫ አለው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ እንዳላት አንዲት ጓደኛዋን ጠየቅሁ፤ አላት፤ ቪዛ አያስፈልጋትም። ይህንኑ ተናገርኩ።

«መርዶ በአውሮፕላን ሰዓት አይነገርም» አለ አንዱ በቁጣ። ሌላውም ደገፈው። «ብትወድቅስ?» ተባለ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ልትወድቅ ትችላለች።

ወደ አዛውንቱ ዞርኩና «ጋሼ፣ እኔ ፍራንክፈርት ላይ ነው የቀበርኩት» አልኳቸው። ይህን ለአሥር ዓመት ያህል አልነገርኳቸውም ነበር። ዝም አሉ። ዝም ብለው ቆዩና ተነሥተው ካፖርታቸውን ከወንበሩ ላይ አነሡ።

8 ሰዓት ከ25 ላይ በሯን አንኳኳን። 9 ሰዓት ተኩል ላይ እኔ እየነዳሁ፣ እሷ ከኋላ በሁለት ሴቶች መካከል ሆና፣ አዛውንቱ ከጎኔ ፓስፖርቷን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ፔንያ ቡልቫርድ ላይ ነበርን።